ጨረሩና የታፔላ ጸሐፊው ትንፋሽ

ታፔላ ጸሐፊው ጉበቱ ላይ የወጣውን ካንሰር በጨረር ሊያስመታ ማሽኑ ስር ተጋድሟል። ጉበት በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ጨረሩ ዕጢውን ብቻ እንዲያገኝ ትንፋሹን እንዲይዝ ባለሙያዋ ነግራዋለች።

"ሳል ቢመጣብኝስ?"

"ማሽኑ ራሱ ያቆማል አባባ። አይፍሩ።"

"እኔ የት ፈራሁ? ጉልበቴ ነው የፈራው!"

ከት ብላ ሳቀችና ወፍራሙን በር ዘግታበት ወጣች። ብቻውን ሲቀር ጣሪያው ላይ ወዳለው ድምፅ ማጉያ አንጋጠጠ።

"ይያዙ!" አለው ድምፅ ማጉያው በባለሙያዋ ድምፅ።

ያዘ። ማሽኑ እዝዝዝ አለ። ታፔላ ላይ ረጅም መስመር ሲስብም ትንፋሹን ይዞ ነው፤ የሚለቀው መስመሩ ሲያልቅ ነው። የዚህኛው መጨረሻ ግን በምን ይታያል?

"ይተንፍሱ!"

እምቢ አለ። ቢተነፍስ ጨረሩ ደህናውን ጉበት የሚጠብሰው መሰለው። ጆሮው ጮኸ፣ ዓይኑ ጨለመ።

ባለሙያዋ በሩን በርግዳ ገባችና ትከሻውን ነቀነቀችው። "አባባ፣ ጨረሩ ከቆመ ቆየ እኮ! ራስዎን ሊገድሉ ነው?"

ቁና ቁና ተነፈሰ። "አለቀ?"

"ገና ስድስት ጊዜ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ሃያ ሰከንድ ነው።"

ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። "እንግዲያው የኔ ልጅ፣ ጮክ ብለሽ ቁጠሪልኝ። የት እንደሚያልቅ ልወቀው።"

በሩ ተዘጋ። "አንድ... ሁለት..." አለ ድምፅ ማጉያው። እሱም ጡጫውን ጨብጦ ሃያን ይጠብቅ ጀመር።