ቅድመ አያት ላይ የሚያንቀላፉት ሽማግሌ

አጎቴ ጋሽ አየነው እንጅባራ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም፤ ቀን ደግሞ የስፌት መኪናው ላይ እንደተደፉ ይውላሉ። አንድ ጊዜ የደንበኛቸውን ሱሪ ከለበሱት ጋቢ ጋር አንድ ላይ ሰፍተውት፣ ሰውየው ሱሪውን ይዞ ሲወጣ እሳቸውም እየተጎተቱ አስፋልት ደርሰዋል። የእኔን ሸሚዝ ሁለቱንም እጅጌ በአንድ ጎን ተክለው «አንዱ መጠባበቂያ ነው» አሉኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ እመቤትን ላገባ ሳስብ ሽማግሌ አድርጌ የላክሁት እሳቸውን ነው። ከጎረቤታችን ከአቶ አበረ ጋር ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ፣ አባቷ አቶ ይሄይስ ዘንድ ሄዱ። በእኛ አገር ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩ ሳይረጋገጥ ልጅ አይሰጥም። አቶ ይሄይስ የእሷን፣ ጋሽ አየነው የእኔን ዘር እየጠሩ ገና ቅድመ አያት ላይ ሲደርሱ፣ አጎቴን መደቡ ላይ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳቸው። የተከበረ ሽማግሌ አይቀሰቀስም፤ ቤተሰቡ ትራስ አቀብሎ ጨዋታውን ቀጠለ። ሲነቁ ወሬው ወደ ድንች ዞሮ ስለነበር ቆጠራው የት እንደቆመ የሚያስታውስ ጠፋ። ለሌላ ቅዳሜ ተቀጠረ።

በዚያም ቅዳሜ እንደዚያው ሆነ። በሚቀጥለውም። አጎቴ ፊታቸው ወዛ፣ ስፌታቸው ቀና። የእኔ ፊት ግን አመድ ለበሰ፤ ከጥሊሊ አንድ ባለ ሚኒባስ ለእመቤት ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሰምቻለሁ።

በመጨረሻ አቶ አበረ መረራቸውና የእኔን ዘር ከዘመድ ጠይቀው፣ ሸምድደው ሄዱ። አጎቴ ተኝተው ሳለ እሳቸው ቆጥረው ጨረሱ። ዝምድና የለም። አቶ ይሄይስ «ልጄን ሰጥቻለሁ» ሲሉ ጋሽ አየነው ባንነው ነቁና የእናቴ ወገን ስላልተቆጠረ ሌላ ቀጠሮ ይያዝ አሉ።

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሱቃቸው ድረስ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ትዳሬን ሊያፈርሱት ነው እንዴ?» አልኳቸው።

የስፌት መኪናውን አቆሙ። «እነሱ ቤት ይወራል፣ ክንዴ። የእኔ ቤት ዝም ይላል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ዝምታው ነው።»

ያ ሁሉ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ለእመቤት ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች። ከዚያ ኮስተር ብላ ከተጋባን የምንኖረው ጋሽ አየነው ቤት እንደሆነ ነገረችኝ። ለአባቷም ይህንኑ አስረዳቻቸው፤ የእናቴም ወገን በአንድ ቀን ተቆጥሮ አለቀ።

አሁን ተጋብተን፣ ምሽት ምሽት ከጋሽ አየነው መኝታ መጋረጃ ወዲህ ተቀምጠን እናወራለን። ወሬ ሲያልቅብን እንጨቃጨቃለን፤ ስለ ወጡ ጨው፣ ስለ ጎረቤት በግ፣ ባገኘነው ሁሉ ላይ። ባለፈው ሰሞን ግን የምንጣላበት ጠፍቶ ሁለታችንም ዝም አልን።

ከመጋረጃው ጀርባ ጋሽ አየነው በሥጋት፣ «ታረቃችሁ እንዴ?» አሉ።