ሃያ አውራ ጣት

አጣቢዋ ያን ቀን ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቀደም ብላ ወጣች። አለቃዋን "ራሴን አሞኛል" ብላ ነው የወጣችው፤ ውሸቷን ነው። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፍቷት እንጂ ጤናዋስ እንደ ብረት ነበር።

ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነው። ሃያ ስምንቱን ዓመት የሰው አንሶላ ስታጥብ ኖራለች። በቀን ሁለት መቶ አንሶላ ቆጥራ ስታስረክብ አንዲት አትሳሳትም፤ ከፊደል ጋር ግን አይተዋወቁም ነበር። በየወሩ ሳሙና ስትረከብ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ አውራ ጣቷን ይዞ ቀለም ላይ ይደፍቀውና መዝገቡ ላይ ይጫነዋል። ከዚያ የገዛ እጁን በሶፍት ይጠርጋል፤ ቀለሙን ሳይሆን እሷን የነካ ይመስል። ወደ ትምህርት የገፋቻት ያቺ ሶፍት ናት። ስምንት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ ከውሃ ጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ተምራ፣ አሁን ስሟን ትጽፋለች። አጭር አጭሯን ቃልም ፊደል እየቆጠረች ታነባለች። "ከእንግዲህ ይቺን ጣት ቀለም ቢነካት እኔ ሰው አይደለሁም" ብላ ምላለች።

ለዚህች ክፍል በጀት የሚለቀቀው ታዲያ ሃያ ጀማሪ ተማሪ ሲኖር ብቻ ነው። ሃያ ከሞላ ይቀጥላል፤ አንድ ሰው ከጎደለ መምህርቷ ትዛወራለች፣ በሩ ይቆለፋል፣ እነሱም ግማሽ ፊደላቸውን ይዘው ይቀራሉ። ዛሬ ከጎልማሶች ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ሊቆጥራቸው ይመጣል። የተመዘገበው ሃያ ሁለት፣ የተገኘውም ሃያ ሁለት ነው። ታዲያ ምን ያስፈራል? የሚያስፈራውን ጉድ በገዛ እጃቸው ደግሰው ጠብቀውታል።

ሐሳቡ የአጣቢዋ ነበር። "እንግዳው ሲመጣ ጣታችንን አንሰጥም፤ ሁላችንም በብዕር ፈርመን ልጃችንን እናኮራታለን" አለች። ልጃችን የምትላት መምህርቷን ነው። ለእሷ ትንፍሽ ሳይሉ ሦስት ሳምንት ፊርማ ሲለማመዱ ከረሙ። ሽንኩርት ሻጯማ ጆንያዋን ሳይቀር በከሰል ስሟን ሞልታዋለች።

ተቆጣጣሪው መጣ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው መዋሸት ይቀላል። ቅጹን ዘርግቶ የቀለም ሣጥኑን ከፈተ። መጀመሪያ የተነሣው በር ጠባቂው ነው።

"እኔ እፈርማለሁ" አለ ደረቱን ነፍቶ። ፈረመ። ቀጥሎ ጫማ ሰፊው ፈረመ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ የመምህርቷ ፊት ብቻ አመድ መሰለ።

"ጎበዞች! በጣም ደስ ይላል" አለ ተቆጣጣሪው፣ ሁለቱንም ስም በቀይ እየሰረዘ። "እንግዲህ ስሙን የሚጽፍ ሰው ጀማሪ አይባልም። መመሪያው አጠናቋል ነው የሚለው። ከዚህ መዝገብ ትወጣላችሁ።"

"ወጥተን ወዴት ነው የምንሄደው?" አለ በር ጠባቂው።

"የሚቀጥለው ደረጃ ሲከፈት ትጠራላችሁ። ለጊዜው በጀት የለውም።"

ቀሪው ልክ ሃያ ሰው ነው። ተረኛዋ ደግሞ አጣቢዋ።

መምህርቷ በሩ አጠገብ ደርቃ ቆማለች፤ ተቆጣጣሪው ፊት አንድ ቃል መተንፈስ አትችልም። ከአጣቢዋ ኋላ አሥራ ዘጠኝ ሰው ብዕሩን ጨብጦ የእሷን እጅ ያያል፤ ፈርሙ ያለቻቸው እሷ ናት። ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እኔ እንኳ መጻፍ አልችልም፣ ልጄ" አለች፣ ኋላ ያሉት እንዲሰሙ ጮክ ብላ። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች። ተቆጣጣሪው እጁን አልጠረገም፤ እንዲያውም "አመሰግናለሁ፣ እማማ" አላት። ከሶፍቱ ይልቅ ይህ አሳፈራት።

የገባው ገባው፣ ያልገባውን ጎረቤቱ በክርኑ ጎሰም አደረገው። ብዕሩ ሁሉ ወደየኪሱ ተመለሰ።

ከድጡ ወደ ማጡ የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ተቆጣጣሪው የጣት አሻራዎቹን እያየ ማጠቃለያውን ሲሞላ፣ አጣቢዋ ከፊት ወንበር ሆና የብዕሩን ጫፍ ትከተላለች። ሽንኩርት ሻጯ ስም ላይ ደረሰ። የእሷ ጣት በሥራ ብዛት አልቆ ልሙጥ ሆኗል፤ ቀለሙ በደንብ ስላልያዘላት ወረቀቱ ላይ ያረፈው ጥላ የመሰለ ነገር ነበር። ሰውዬው አላየውም። ሁለት ፊደል ጻፈ። አጣቢዋ ከማዶ ሆና ገልብጣ ቆጠረቻቸው። ቀ። ሪ። መምህርቷ በየቀኑ ሰሌዳው ጥግ ላይ የምትጽፋት ቃል ናት፤ አጣቢዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበቻትም እሷኑ ነው። ቀሪ።

አሥራ ዘጠኝ ሆኑ ማለት ነው።

"ቀሪ ብለህ ጽፈሃል" ብትለው ሽንኩርት ሻጯ ትመለሳለች፤ ግን ማንበቧ ታውቆ የራሷ ስም ይሰረዛል፤ ያው አሥራ ዘጠኝ። ዝም ብትልም አሥራ ዘጠኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ይህኛው ዝምታ ግን ገና ካሁኑ ሲነቅዝ ይሰማታል። ሰውዬው ማኅተሙን ከቦርሳው አወጣ። እፍ አለበት።

"ቆይ፣ ልጄ!" ብላ ብድግ አለች።

"ምነው፣ እማማ?"

"እኔ ፊደል አላውቅም። መቁጠር ግን ሥራዬ ነው። አንሶላ እንኳ ሳልቆጥር አስረክቤ አላውቅም፣ እንኳን ሰው። ማኅተምህን ከማሳረፍህ በፊት ቁጠረን።" ወደ ኋላ ዞረች። "የጠቆረ ጣት ሁሉ ወደ ላይ!"

እጅ ሁሉ ተሰቀለ። አንድ፣ ሁለት እያለች ጮክ ብላ ቆጠረች። ሃያ ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አየ፣ ጣቶቹን ደግሞ ቆጠረ፣ ወረቀቱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። እዚያ ላይ ያቺን ጥላ አገኛት።

"ይቅርታ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አለ። "ቀሪ" የሚለውን ሰረዘና ማኅተሙን አሳረፈ። መምህርቷ በሩን ተደግፋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ሰውዬው ሲወጣ አጣቢዋ አጠገብ ቆም አለ። ልቡ ተነክቶ ነበር፤ ከልቡም ነው የተናገረው።

"እማማ፣ እንደ እርስዎ ያለ ብልህ ሰው ሳይማር መቅረቱ ያሳዝናል። ይበርቱ፣ አይዞዎት። አንድ ቀን ስምዎን በገዛ እጅዎ ይጽፋሉ።"

"አሜን፣ ልጄ" አለችና ጥቁር ጣቷን በመሐረቧ ጠቀለለች።