አባቴን ስድስት ጊዜ ያስደገምኩት ቃል

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በጸጥታ ችግር ትምህርት ተቋርጦ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ቤተሰቦቼ ተመለስኩ። የመመረቂያ ሥራችን የአራት ደቂቃ አኒሜሽን ፊልም ነበር። ቡድናችን ሦስት ሰው ነው፤ ድምፁንና ቅንብሩን የሚሠራው ልጅ አዲስ አበባ፣ የኋላ ሥዕሎቹን የምትስለው ልጅ ሐዋሳ፣ ገጸ ባሕሪውን የማንቀሳቅሰው እኔ ደግሞ ከሚሴ። የምንገናኘው በስልክ ብቻ ነበር፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ለቀናት ጭራሽ አንገናኝም።

ታሪኩ ገበያ መሀል በሬው ስለጠፋበት ሽማግሌ ነው። የሽማግሌውን ድምፅ ማን ይሥራው ሲባል አባቴን አቀረብኩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በባቲና በጨፋ ሮቢት የከብት ደላላ ነበር። ሻጭና ገዢ ሲጨቃጨቁ መሀል ገብቶ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ እያለ የሚያስማማቸው በዚያ ድምፁ ነው። በዚያ ክረምት ግን ያስለው ነበር። "ብርድ ነው፣ ይለቀኛል" ይል ነበር፤ እኛም አመንነው።

ድምፁን የቀዳሁት ማሽላ በሚቀመጥባት ክፍል ውስጥ ነው። ጆንያዎቹ የውጭውን ድምፅ ስለሚያፍኑ ከእነሱ መሀል በርጩማ ላይ አስቀመጥኩትና ስልኬን አፉ አጠገብ ያዝኩ። ስምንት ንግግር ነበረው፤ ሰባቱን ያለ ችግር ተናገረ። ችግር የመጣው በስምንተኛው፣ በሬውን በሚጣራበት ላይ ነው። ስክሪፕቱ "የት ነህ?" ይላል። እሱ በኦሮምኛ "ኤሳ ጅርታ?" አለ።

"አባ፣ እንደ ተጻፈው በአማርኛ በለው እንጂ።"

"በሬን በአማርኛ ጠርቼ አላውቅም" አለ ሳይስቅ።

እሺ አልኩት። ግን ሳሉ መሀል እየገባ ያቋርጠዋል። አስደገምኩት፤ ሳለ። እንደገና አስደገምኩት። ስድስት ጊዜ አለው። በስድስተኛውም መጨረሻው ላይ ሳል አለበት፤ ላቡ በግንባሩ ይወርድ ነበር።

"እንደገና ልበልልሽ?" አለኝ።

"ይበቃል፣ ይኼ ይሆናል" አልኩት። ያልኩት አዝኜለት አይደለም፤ የስልኬ ባትሪ እያለቀ ስለነበር ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲብስበት ደሴ ሆስፒታል ወሰድነው። ሳንባው ነው፣ ዘግይታችኋል አሉን። በዘጠነኛው ቀን ጀናዛውን ይዘን ተመለስን።

ለቡድኑ አልነገርኩም። ኔትወርክ ጠፍቶ ነው አልኳቸው፤ እውነትም ስለሚጠፋ አመኑኝ። የለቀስተኛው እግር ሲቀንስ ሥራዬን ቀጠልኩ። አፍን ከንግግር ጋር ለማስማማት ለአንዲት ሰከንድ አስራ ሁለት ሥዕል መሳል ነበረብኝ፤ ስለዚህ የአባቴን ድምፅ በትንንሹ እየቆራረጥኩ፣ ወደ ኋላ እየመለስኩ ቀኑን ሙሉ እሰማ ነበር። እናቴ እንዳትሰማ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ያለው ልጅ ደወለ።

"የመጨረሻዋ ላይ ሳል አለ። አባትሽን አንዴ ብቻ እንደገና ቅጂያቸው፤ በዚያው በአማርኛ ይበሉልን።"

"አይችልም።"

"ከሚሴ የሉም እንዴ?"

"አለ። እዚሁ ተቀብሯል።"

"ለምን አልነገርሽንም?" አለኝ። ብነግራቸው የታመመ ሰው ስድስት ጊዜ ማስደገሜንም አብሬ መናገር ሊኖርብኝ ነበር።

በማግስቱ ሳሉን በኮምፒውተር አጥፍቶ ላከልኝ። ንጹሕ ነበር፤ የአባቴ ግን አልመሰለኝም። "እንደ ነበረ ተወው" አልኩት። የሐዋሳዋም ልጅ ከእኔ ጋር ሆነች፤ እሱም አልተከራከረም። ፊልሙን ስናስገባ መምህራኑ "የድምፅ ጥራት ጉድለት አለበት" ብለው ጻፉብን፤ ለማለፍ ግን አለፍን። በምርቃቱ ቀን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር አልሄድኩም። ሁለቱን ጓደኞቼን ትምህርት ከተቋረጠ ወዲህ እስካሁን በአካል አላየኋቸውም።

እናቴ ስለ ፊልሙ የጠየቀችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ስልኩን ከፍቼ ሰጠኋት። ሥዕሉን አላየችም፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ መሬት መሬቱን እያየች እስከ መጨረሻው ሰማች።

"ይኼን ስትቀጂው ውሃ ሰጥተሽው ነበር?" አለችኝ።

"አዎ፣ ሰጥቼዋለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለችና ስልኩን መልሳልኝ ወጣች።

ውሃ አልሰጠሁትም ነበር።