ሴት የተባለው ወንድሜ

ዛሬ አሰላ መናኸሪያ አንዲት እናት «ምትኩ!» ብላ ልጇን ስትጣራ ሰምቼ ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ስሙ ሴት ነው።

በጃንሆይ ዘመን፣ በቆጂ ልጆች ሳለን፣ የክፍል ጓደኞቹ «ቀሚስህስ?» እያሉ ይስቁበት ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ያራሰው ሹራቡ በግ በግ እየሸተተ፣ እያለቀሰ ገባ።

«አባባ፣ ስሜን ይቀይሩልኝ!»

አባባ አጠገባቸው አስቀመጡት። «ልጄ፣ የዕብራይስጥ ስም ነው፤ ምትክ ማለት ነው። አቤል ሲሞት ለአዳም የተሰጠው ልጅ ሴት ይባላል። እኛም ካንተ በፊት አንድ ልጅ ቀብረናል።»

ይህን ሰምተን አናውቅም። ወንድሜ ለቅሶውን አቁሞ ወደ እማዬ ዞረ።

«እሱ ባይሞት እኔን አትወልጂኝም ነበር?»

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

አሁን ወንድሜ ሸብቷል። እማዬ እስክትሞት ድረስ ዳግመኛ አልጠየቃትም፤ እሷም አልመለሰችለትም።