ደጅ የቀረው ቋንቋ

እናቴ እታገኝ ትባላለች፤ ተወልዳ ያደገችው ሰቆጣ አካባቢ ባለችው ፃግብጂ፣ የአገሬውን ቋንቋ ኽምጥኛ እየተናገረች ነው። አባቴ ወልዱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰቆጣ ውስጥ የመጋዘን ዘበኛ ነበር። ወይዘሮ ላቀች ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ሕይወት ልጄ ናት። እኔ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል ወዲያ ያለውን ትምህርት በራሴ ንባብ የተማርኩ፣ ልጆቼን በቁጣ ያሳደግሁ ሰው ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ላቀች በዝናብ ሮጠው መጥተው ደጃፋችን ላይ ነጠላቸውን ሲጨምቁ፣ የእርጥብ ጥጥ ሽታ ልጅነቴን ይዞብኝ ገባ።

አባቴ በኽምጥኛ ቅላጼው ምክንያት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከተሳቀበት ወዲህ፣ ቤታችን ውስጥ ከአማርኛ በቀር እንዳይነገር ከልክሎ፣ ኽምጥኛ ያመለጠው ሰው ደጅ ወጥቶ ነገሩን በአማርኛ አሰናድቶ እንዲመለስ ደንግጎ ነበር። እኛ ልጆቹ ቶሎ ለመድን፤ ብዙ ጊዜ የምትወጣው እናቴ ነበረች፤ ክረምት ላይ ከክፈፉ ሥር ቆማ፣ ነጠላዋ በጠፈጠፍ ርሶ፣ የጠፋትን ቃል ስትፈልግ እኛ በበሩ ስንጥቅ እያየን እንስቅ ነበር፤ እሷም አብራን ትስቅ ነበር። ዶሮዎቹን ግን በኽምጥኛ መስደቧን አልተወችም፤ አባቴ ሲቆጣት «እስቲ መጀመሪያ ትምህርት ቤት አስገባቸው» አለችው።

ውሎ አድሮ አማርኛዋ ተቃና፤ በእሱ መከረችን፣ በእሱ ገሠጸችን። የእኔ ኽምጥኛ ግን የሚያነሣው አጥቶ ጠፋ። አእምሮ ለምንሠራበት ነገር ቦታ ያሰፋል፣ ከተውነው ላይ ይቀንሳል፤ ይህን አንብቤ ለልጆቼ የትጋት ምክር አድርጌ ስደጋግመው ኖሬአለሁ፤ የሚቀንሰው ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

ባለፈው ዓመት እናቴን ስትሮክ መታት። ሐኪሙ እንደነገረኝ ዘግይታ የተማረችው ቋንቋ ተጎድቶ የመጀመሪያው፣ ኽምጥኛው፣ ተርፏል፤ መልክ መለየት ስለሚያስቸግራትም ሰውን የምታውቀው በአነጋገሩ ነው። «እማ» ስላት ፊቴን ታያለች፤ ሕይወት ኽምጥኛ ስለማታውቅ እጇን ይዛ ትቀመጣለች። የምታወራው ኽምጥኛ ከሚያውቁት ከወይዘሮ ላቀች ጋር ብቻ ነው፤ ረጅም ወሬ፣ ሳቅም ያለበት።

ዛሬም ብዙ ካወሩ በኋላ «ምን አለች?» አልኳቸው።

«ውሃ ስጡኝ ነው ያለች።»

«ይህን ሁሉ አውርታ?»

«ኧረ ሌላው የሴቶች ወሬ ነው! አንተ ምን ያደርግልሃል?»

«ስለ እኔ ያለችው ነገር የለም? እውነቱን ይንገሩኝ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉና «እንግዲህ አትቀየመኝ» አሉ። «ይኸ ጠዋት ጠዋት የሚመጣው ባለ አማርኛ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ምን እንደሚፈልግ አልገባኝም፤ ልጄ ሲመጣ ያነጋግረው በይልኝ፤ ነው ያለች።»

ጥሩ አማርኛ አለኝ። ለዚህ አማርኛም ዋጋ ተከፍሏል፤ አባቴ ሚስቱ በልቧ ቋንቋ ስታጫውተው ዳግመኛ ሳይሰማ ሞተ፤ ወይዘሮ ላቀች በስተርጅና የሰው ቤት ሐዘን ተሸክመው ይመላለሳሉ፤ ሕይወት አያቷን፣ እኔ እናቴን፣ እናቴም ይመጣል ብላ የምትጠብቀውን ልጇን ከፍለናል።