የቀርከሃዋ ሴት ወገብ

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ ውስጥ መንገድ ልሻገር ስል አንድ ባጃጅ ሦስት የፕላስቲክ ሴቶች ጭኖ በአጠገቤ አለፈ። የልብስ መደብር ማሳያዎች ናቸው። ራስ የላቸውም፤ ወገባቸው ግን በሁለት መዳፍ የሚጨበጥ ነው። ሾፌሩ «አባባ፣ ዞር ይበሉ!» እያለ ሲጮህ ቆሜ ቀረሁ። ቤቴ ገብቼም መቀመጥ አቃተኝ። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ደጅ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ሚስቴ «ዛሬ ደግሞ ምን ነክቶህ ነው?» አለችኝ። «አንድ የድሮ ጥፋቴ ባጃጅ ተሳፍሮ አለፈ» አልኳት።

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት የሚናገረው ማን እንደሆነ አንባቢ ሊያውቅ ይገባል። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ፣ ከቄስ ተማሪዎች ኋላ ቆሜ በጆሮዬ ብቻ ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝ። ልብስ መስፋትም ያስተማረኝ የለም። ጣሊያን ጥሎት የሄደ አንድ የወታደር ኮት አገኘሁና ስፌቱን በምላጭ ፈታሁት፤ ቁርጥራጩን መሬት ላይ ዘርግቼ ካጠናሁ በኋላ መልሼ ሰፋሁት። ሰባት ጊዜ ፈትቼ ሰባት ጊዜ ሰፋሁት። በስምንተኛው የእኔ ስፌት ከጣሊያኑ በለጠ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ኮቱን ያዩ ሁሉ ይመሰክሩ ነበር፤ አብዛኞቹ አሁን ሞተዋል እንጂ።

በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ዳንግላ ላይ በአንድ የጨርቅ ነጋዴ በረንዳ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ከእኔ በፊት በከተማው ሁለት ሰፊዎች ነበሩ። በዓመቱ አንዱ ወደ እርሻው ተመለሰ።

የቀረውንም ለመብለጥ አንድ ዘዴ አሰብኩ። ቀሚስ ገመድ ላይ ሲሰቀል የሞተ ነገር ይመስላል፤ ሰው ለብሶት ቢታይስ? ከቆሰበር ቀርከሃ አስመጣሁ፤ እንጅባራን ያኔ የምንጠራት እንዲያ ነበር። ሰንጥቄ፣ ልጬ፣ እንደ ቅርጫት ጎንጉኜ አንዲት ሴት ሠራሁ። ትከሻ አላት፣ ደረት አላት፣ ዳሌ አላት። መሃሏ ላይ ግን ስንጥሩ እየተንጨፈረረ ስላስቸገረኝ ወገቧን በእርጥብ የበሬ ጠፍር ጠምጥሜ አሰርኩት። ከዚያ ነጭ ቀሚስ አልብሼ በረንዳው ላይ አቆምኳት።

እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ሞፈርና ቀንበር ያሰረ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። እኔም አላጣሁትም፤ ያን ቀን ግን ሐሳቤ ከዚያ በላቀ ነገር ተይዞ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ አቁሟል፣ ፀሐዩ ከረር ብሏል። ጠፍሩ በየቀኑ እየጠበቀ፣ የሴትዮዋ ወገብ በየቀኑ እየቀጠነ ሄደ። ቀሚሱንም በላይዋ እየተከተልኩ አጠበብኩት፤ በሳምንቱ መሃሉ ላይ የታሰረ ነዶ መሰለች። ፈትቼ እንዳላስተካክላት ከተማው ሁሉ አይቷታል። አንዲት ሴት «ምነው ወገቧ እንዲህ ሆነ?» ብላ ስትጠይቀኝ ሳላስበው «አስመራና አዲስ አበባ ቆንጆ የምትባል ሴት እንዲህ ናት። ወንዱ የሚሞተው እንዲህ ላለችው ነው» አልኳት። እስከዚያ ቀን ከደብረ ማርቆስ አልፌ አላውቅም።

በገበያ ቀን ወንዶቹ እየቆሙ ይስቁባታል።

«ይቺን ማን አስርቧት ነው?»

«አማቷ ናት የቀጣቻት።»

«በዚህ ወገብ እንስራ ይዛ ዳገት ብትወጣ ለሁለት ትሰበራለች!»

ሴቶቹ አይስቁም ነበር። ትክ ብለው ያዩዋታል፤ ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው የራሳቸውን ጎን ቁልቁል ያያሉ። የወንዶቹ ሳቅ ከጎናቸው እየተሰማ እነሱ የሚያምኑት እኔን ነበር።

ይታይሽ የምትባል ልጅ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ከዳንግላ ወጣ ብሎ ባለ መንደር አክስቷ እትዬ በላይነሽ ያሳደጓት የሙት ልጅ ናት። አዲስ ቅዳም በኩል ላለ አላምረው ለሚባል ገበሬ ታጭታ ሠርጉ ለጥር መጨረሻ ተቆርጧል። የሠርግ ቀሚሷን ሊያሰፉ ሁለቱም መጡ። ያኔ ወንድ ሰፊ የልጃገረድ ወገብ መለካት ነውር ነው፤ ልክ የሚወስዱት የቤቷ ሴቶች ናቸው። እትዬ በላይነሽ በክር ለክተው፣ ለትከሻ አንድ፣ ለደረት ሁለት፣ ለወገብ ሦስት ቋጠሮ ቋጥረው ሰጡኝ። የጤነኛ፣ የሞላች ልጅ ልክ ነበር።

በማግስቱ ይታይሽ ብቻዋን ተመለሰች። ሰላም ሳትለኝ ቀጥ ብላ ሄዳ የቀርከሃዋን ሴት ወገብ በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ጣቶቿን እንደጨበጡ ሳታላላ ወደ ራሷ ወገብ አመጣቻቸው። አልደረሱም።

«ክሩን ተወው። በሷ ልክ ቁረጠው» አለችኝ።

«አይገባሽም'ኮ!»

«ሁለት ወር አለ። ይገባኛል።»

ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ። ግን ደስ አለኝ። ሥራዬን እንዲህ አምና የመጣች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ቆረጥኩት፤ ያውም ጨርቅ ላለማባከን በስፌቱ በኩል ትርፍ ሳልተው።

የገና ጾም ስለነበር አለመብላቷን ማንም አላወቀባትም። ገና አልፎ ሦስተኛው ቀን ላይ እትዬ በላይነሽ እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው መጡ።

«አንተ ሰፊ፣ ቀሚሱን ተወው። ሠርግ የለም።»

«ምነው እትዬ?»

«ልጄን ዓይን በላብኝ! ገንፎውን በቅቤ አርሼ ባቀርብላት ለውሻ ትሰጣለች፤ አጥሚቱን ከጓሮ ትደፋለች። ትናንት የልጁ አክስት ከአዲስ ቅዳም ሊያዩን መጥተው፣ ጠላ ልትቀዳላቸው ብድግ ስትል ፊታቸው ተዘረረች። ለካ ወገቧን በመቀነት ጠፍራ አስራዋለች። ‹ሕመምተኛ ልትድሩልን ነበር?› ብለው ጥለውን ሄዱ።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ከስታ ወድቃ ሳንባዋን ታማለች የተባለች ልጃገረድ ሁለተኛ የሚጠይቃት ወንድ አይኖርም። ወሬው ደግሞ ከሁለት ገበያ በኋላ አገር ያዳርሳል። አክስቷ ጠበል ሊወስዷት ሲሰናዱ በሽታዋን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቀሚስ ላስለካ ብዬ ሰበብ ፈጥሬ ሄድኩ። ይታይሽ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉንጯ ገብቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል።

«ይታይሽ፣ ወንዶች እንዲህ ያለችውን አይወዱም። ገበያ ላይ ሲስቁ አልሰማሽም?»

«የወንድ አፉ ሌላ፣ ዓይኑ ሌላ ነው። ደግሞስ የነገርከን አንተ አይደለህ? አሁን ለአክስቴ አዝነህ ነው የምትዋሸው።»

ውሸቴን አምና እውነቴን ውሸት አለችው። ስለ ጠፍሩ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ስሜን ያስጠራሁት በዚያች የቀርከሃ ሴት ነበርና።

ከዚያ በኋላ መኪናዬ ላይ መቀመጥ አልሆነልኝም። መርፌ ሰበርኩ፤ ሌላ አስገባሁ፤ እሱንም ሰበርኩ። በረንዳውን እየወረድኩ እስከ መንገዱ ሄጄ እመለሳለሁ። በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ እግሬ ራሱ ወደ አዲስ ቅዳም መራኝ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ የገብሱ ቃርሚያ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ ከሰል የጫኑ ፈረሶች ትንፋሻቸው እየጨሰ ይገጥሙኛል። ሰው ሰላም ሲለኝ አልቆምም ነበር። የያዝኩትን የገብስ ቆሎ እንኳ ሳልቀምሰው ደረስኩ።

አላምረውን የፈረሱን ሰኮና ሲያጥብ አገኘሁት።

«ለመሆኑ ልጅቷን ምኗን ወደህ ነው ያጨሃት?» አልኩት።

«አንተ ምን አገባህ?»

«ቀሚሷን የምሰፋው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ልኳን እኔ ዘንድ ልትፈልግ ነው የመጣኸው?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «አምና ከዳንግላ ገበያ የወፍጮ ድንጋይ ከነመጁ ተሸክማ ስትመለስ አየኋት። ከፊቴ ናት፤ መልኳን አላየሁም። ያን ሁሉ ዳገት አንዴም ሳታርፍ ወጣችው። ወይ ጀርባ! ፈረስ ላይ ሆኜ እሷን ማለፍ አሳፈረኝ፤ ወርጄ እየጎተትኩ ተከተልኳት።»

«ወገቧስ?»

«ወገብ? ከጀርባዋና ከዳሌዋ መሃል ያለው ነዋ! እሱን ለይቶ የሚያይ ማን ነው?»

ለይተው የሚያዩ ነበሩ። አክስቱ እመት አስካለ ከቤት ብቅ ብለው «እኔ ያየሁትን አይቻለሁ። የክንዷ ሥጋ ረግቧል፣ የአንገቷ ድርብርብ መስመር ጠፍቷል። ይቺ ወልዳ አታሳድግም» አሉ። ከዚያ እኔ የማልሰማ መስሏቸው ወደ አገውኛ ዞረው፣ ይህን አፈ ቅቤ የልጅቷ ወገኖች ልከውት ነው፣ አትስማው አሉት። አገውኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ በዚያው መለስኩላቸው። «ማንም አልላከኝም እመት፤ ልጅቷን ያሳመምኳት እኔ ነኝ» አልኩና የቀርከሃዋን ሴት ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተናገርኩ።

እመት አስካለ ወደ እኔ ቀረብ አሉ።

«እርጥብ ጠፍር?»

«አዎን፣ እርጥብ ጠፍር።»

«የማን ልጅ ነህ አንተ? አባትህ ቀንበር አስሮ አያውቅም?» ብለው ድንጋይ ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው «በአንተ ድንቁርና የሰው ልጅ ልትሞት ነበር» አሉኝ። ድንቁርና የሚለው ቃል በሕይወቴ የተነገረኝ ያን ቀን ብቻ ነው። «ለገበያ እመጣለሁ። ይህንኑ በልጅቷ ፊት፣ በሰው ፊት ትደግመዋለህ። ከዚያ ከበላች ሠርጉ በቀኑ ነው። ካልበላች ግን በሽታዋ ሌላ ነው።»

በገበያው ቀን ሁለቱ አክስቶች በረንዳዬ ፊት ቆሙ፤ ይታይሽ በመሃላቸው ናት። ሰዉም ነገር አለ ብሎ ተሰበሰበ። አስመራን በዓይኔ አይቼ እንደማላውቅ፣ ወገቡን ያቀጠነው የወንድ ምኞት ሳይሆን የበሬ ቆዳ መሆኑን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ድምፄም ጥሩ ነበር። ከዚያ እጄን ከቀሚሱ ሥር አስገብቼ በምላጭ ጠፍሩን በጠስኩት። ቀርከሃው ተፈናጥሮ ተከፈተ፣ ቀሚሱ ከብብት እስከ ዳሌ ተተረተረ፣ ሴትዮዋ በአንድ ጊዜ የዘጠኝ ወር ነፍሰ ጡር ሆነች።

«እልል በሉ፣ ሰፊው ልጅ ሊስም ነው!» አለ አንዱ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

ይታይሽ ብቻ አልሳቀችም። አላምረው ያለኝን ነገርኳት።

«መጅ የተሸከምኩ ዕለት?» አለች ፊቷ ቀልቶ። «ያን ቀን'ኮ ላብ በላብ ሆኜ፣ ቀሚሴንም እስከ ጉልበቴ ሰብስቤው ነበር!»

«እሱን አይቶ ነው የወደደሽ።»

«ጅል ነው» አለች። ከዚያ የገበያ ቅርጫት ወደያዙት አክስቷ ዞራ «እትዬ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። የተቀቀለ ድንች ነበር። እዚያው እንደቆመች ሦስት በላች። አራተኛውን ስትልጥ እመት አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው «በቀኑ ነው» አሉና ሄዱ።

ቀሚሱ ግን ትርፍ አልነበረውም። በሁለቱም ጎን ሌላ ጨርቅ አስገብቼ ቅጥሉን በአረንጓዴና በቀይ ጥልፍ ሸፈንኩት። በሠርጉ ቀን ይታይሽ እንዲያ ስትጨፍር ያዩ ሴቶች ሁሉ በዚያው ዓመት ጎኑ የተጠለፈ ቀሚስ አሰፉኝ።

አሁን ሰማንያ አምስት ዓመት አልፎኛል፤ ነገሩን ብዙ አስቤበታለሁ። ወንድ ሴትን የሚያያት ከሩቅ፣ መንገድ ላይ፣ ስትሄድ ነው። እሷ ራሷን የምታየው ቆማ፣ ጨርቁ በሚይዛት ቦታ ላይ ነው። የእሱን ዓይን ለእሷ ማዋስ የቻለ ሰው አላየሁም። ሚስቴ እንኳን ስድሳ ዓመት ነግሬያት እስካሁን መቀነቷን ታጠብቃለች።

በዕድሜዬ ያከናወንኩትን ብቆጥር እንዲህ ነው። ያለ አስተማሪ አነበብኩ። ያለ አስተማሪ ሰፋሁ። ከዳንግላ እስከ ግምጃ ቤት ከተማ ያለውን ሙሽራ ግማሹን ያለበስኩ እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ሰፊ አስተምሬ አስወጣሁ፤ አንዳቸውም አልደረሱብኝም። አስመራንም በኋላ ሄጄ አየኋት፤ ሴቶቿ እንደ ማንኛውም አገር ሴት ናቸው። ከዚያ ጥር ወዲህ ደግሞ «አጥብብልኝ» ብላ ለመጣች ሁሉ እሺ እያልኩ፣ በጎኑ ስፌት ውስጥ ሁለት ጣት ጨርቅ አጥፌ እያስቀረሁ ሰፍቻለሁ። ለማንም አልነገርኩም። በዓመቱ፣ በሁለት ዓመቱ ቀሚሱን ጠቅልለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ። «ጋሼ፣ የሚለቀቅ ጨርቅ ይኖረው ይሆን?» ይሉኛል። ሁልጊዜም ነበረው።