ላም የማያልቡት ሰልጣኞቼ

ላሟ ስትረግጠኝ የሥልጠና መመሪያዬ ገጽ ሰባት ላይ ነበርኩ። ገጽ ሰባት «ላሟን በፍቅር ይቅረቧት» ይላል...

ጋምቤላ ክልል በሆነች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ገና ከኮሌጅ ወጥቼ ከጎጃም የተመደብኩ የእንስሳት ባለሙያ ነበርኩ። ኢታንግ አጠገብ ባለች የኑዌር መንደር ስለ ወተት አለባ እንዳሰለጥን ላኩኝ። ሥልጠናውን ጨርሶ የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ለተከፈተው የወተት መሸጫ ወተቱን ያስረክባል። ያልያዘ ከበር ይመለሳል። የቢሮው ደብዳቤ «የቤተሰብ ኃላፊዎች ይጠሩ» ስለሚል አሥር ወንዶች ጠራሁ።

ግንባራቸው ላይ በምላጭ የጎልማሳነት መስመር የተሰመረላቸው አሥር ሰዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ከብቱ እስኪገባ በጨዋነት ሰሙኝ። በመጨረሻ «በሉ፣ አንድ ሰው ይምጣና በተግባር ያሳየን» አልኩ።

አሥሩም እርስ በርስ ተያዩ።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

ከመካከላቸው ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንተ ልጅ፣ ግንባሩ የተቆረጠ ወንድ ላም አያልብም። ነውር ነው። ሴት ታልባለች፣ ልጅ ያልባል።» ከዚያ ግንባሬን አተኩረው አዩት። አንድ ጭረት የለበትም።

«አንተ ግን ትችላለህ» አሉኝ።

እንግዲህ ገጽ ሰባት ላይ የደረስኩት እንዲህ ነው።

ከወደቅኩበት ቀና ስል የላሟ ባለቤት ኛጓ አጠገቤ ቆማ ትስቃለች። «ተነስ። ላሜን አታስፈራራት።»

ጥጃውን ጥቂት አስጠባችና ከእናቱ ፊት አሰረችው። ቅሉን ጉልበቷ መሃል አስገብታ ማለብ ጀመረች። የረገጠችኝ ላም ዓይኗን ጨፍና ታመሰኳለች። ቅሉ ሲሞላ ኛጓ ወደ እኔ ዞረች።

«ባለፈው ኒውላንድ ድረስ ወተት ይዤ ሄጄ ‹ወረቀት የለሽም› ብለው መለሱኝ። በፀሐይ ተበላሸ። ልጆቼ በዚህ ወተት ነው የሚያድሩት። አሁን ወረቀቱን ለእነዚህ ልትሰጥ ነው?»

«ትእዛዙ እንደዚያ ስለሚል...»

«ያለበው ማነው?»

«አንቺ።»

«ጻፍ። ኛጓ።»

ሽማግሌውን አየሁ። «ጻፍላት እንጂ» አሉ፣ ከትልቅ ሸክም እንደ ተገላገለ ሰው። «ወተት ተሸክመን ከተማ እንድንሄድ ነው የምትፈልገው?»

በመንደሩ ላም የሚያልቡ የአሥር ሴቶች ስም ጻፍኩ። ወረቀቶቹ ላይ ግን አስቀድሞ «አቶ» የሚል ታትሞባቸዋል። ኛጓ ጣቷን አሳረፈችበት።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ወንድ ነው ይላል።»

«አጥፋው።»

አሥሩንም ሰረዝኩ።

በማግስቱ የጠዋቱን ወተት በቅል ይዛ በጭነት መኪና አብራኝ ቢሮ መጣች። አለቃዬ ወረቀቶቹን አገላብጦ ጠረጴዛው ላይ ወረወራቸው። «ስርዝ ያለበት ሰነድ ላይ ማኅተም አልመታም! ተመለስና ወንዶቹን አሰልጥን!»

«አልመለስም፣ ጌታዬ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔም ገረመኝ።

ኛጓ ቅሉን ከፋይሎቹ መሃል አስቀመጠችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እጠብቃለሁ» አለች።

ሦስት ሰዓት ሆነ... አምስት ሰዓት ሆነ... የጋምቤላን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ቢሮው መሽተት ጀመረ። ባለጉዳይ እየገባ አፍንጫውን ይዞ ይወጣል። አለቃዬ መስኮት ከፈተ፤ ዝንቡ ገባ። ለምሳ ሊወጣ ሲነሳ እሷም ቅሏን ይዛ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ወደምትሄድበት።»

ቁጭ አለና ማኅተሙን አሥር ጊዜ መታ።

እሷ ወረቀቶቹን ሰብስባ ስትወጣ አለቃዬ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ «ለመሆኑ ይቺ ሴትዮ ምን ዓይነት ሥልጠና ነው የወሰደችው?» አለኝ።

«አልወሰደችም ጌታዬ» አልኩት፣ «ስትሰጠን ነው የዋለችው።»